የወይዘሮ ፔል ባልና የሄስተር ንቦች

ሲጀመር ይቅርታ እጠይቃለሁ። በዚህ የደብራችን ወርኃዊ ወረቀት ላይ የሚጽፉት የተማሩ ሰዎች ናቸው። እኔ በልጅነቴ ከትምህርት ቤት ይልቅ ድንች ማሳ ውስጥ የቆየሁበት ጊዜ ይበልጣል፤ እርሳስንም እንደ አካፋ ነው የምይዘው። ቄስ ሉድሎ ግን "ዊልፍ፣ የዚህ ወር ገጽ ባዶ ቀርቷል፤ ስለምታውቀው አንድ ሰው ጻፍልን" አሉኝ። እሺ ያልኳቸው እምቢ ማለት ስላፈርኩ ነው። ከተሳሳትኩ ሳቁ፤ ብቻ እኔ በማልሰማበት፣ እቤታችሁ ሆናችሁ።

እንግዲህ የማውቀውን ልበል። በዓለም ላይ መንደር የተባለ ሁሉ አንዲት ወይዘሮ ፔል አለችው። ስሟ ሌላ ሊሆን ይችላል፣ ባርኔጣዋም ሌላ፤ ሴትየዋ ግን ያቺው ናት። ፖሊስ ሳይሰማ የሰማች፣ ሐኪሙ ሳያውቅ ያወቀች፣ ሟቹ ራሱ ሳይጠረጥር የጠረጠረች። መንፈስ የሚገባበት የወንጀል ምርመራ ልብወለድ የሚጽፉ ሰዎች ያን ሁሉ ከየት እንደሚያመጡት ይገርመኝ ነበር። አሁን አይገርመኝም። ከደራሲው አጥር ማዶ አንዲት ወይዘሮ ፔል ትኖራለች፤ እሱ ቁጭ ብሎ መገልበጥ ነው።

የእኛዋ፣ የኔዘር ኮምቧ ክብርት ወይዘሮ ዶርከስ ፔል፣ የፖስታ ቤቱ ኃላፊ የኤርነስት ፔል ባለቤት ናቸው። "ናቸው" ያልኩት አውቄ ነው። ኤርነስትን ከቀበርነው ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ እሳቸው ግን አንድ ቀን እንኳ "ባሌ ነበር" ብለው አያውቁም። ወንበሩ ማእድ ቤታቸው ውስጥ፣ ምድጃው አጠገብ እንዳለ አለ። ማንም አይቀመጥበትም። ጳጳሱ ሊጎበኙን በመጡ ጊዜ እንኳ ሻያቸውን የጠጡት ቆመው ነው።

"ኤርነስት ነገረኝ" ይላሉ ወይዘሮ ፔል። በቃ፣ ይግባኝ የለውም። አንድ ጊዜ ፖሊሳችን ብሪም ደፍሮ፣ "ወይዘሮ ፔል፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ኤርነስት በሕይወት ሳለ መንደሩን ያስቸገረ ውሸታም አልነበረም እንዴ?" ቢላቸው፣

"ነበር። ከሞተ ወዲህ ግን በጣም ተሻሽሏል" አሉት።

የተንቀሳቃሹ ቤተ መጻሕፍት መኪና ሲመጣ የምርመራ ልብወለድ በሙሉ የሚዋሱት እሳቸው ናቸው። የሚያነቡት ከመጨረሻው ገጽ ጀምረው ነው። "ደራሲው በትክክል ደርሶበት እንደሆነ ልይ ብዬ ነው" ይላሉ። ካልደረሰበት መጽሐፉን ሳይጨርሱ ይመልሱታል፤ ለባለ መኪናውም ትክክለኛውን ገዳይ ይነግሩታል።

በአትክልት ውድድሩ ዋዜማ የሚስተር ኦዲ ትልቁ ዱባ በሹራብ መሥሪያ ወስፌ ተወግቶ የተገኘ ጊዜ ብሪም ግማሽ መንደር መረመረ። ወይዘሮ ፔል ድንኳኑ ውስጥ ገብተው መሬት መሬቱን አዩ፤ ቤታቸው ሄደው ከወንበሩ ፊት ለፊት ሻይ ጠጡ፤ ተመልሰው መጡና "ኤርነስት እንደነገረኝ ከሆነ..." ብለው ገና ሳይጨርሱ የቤተ ክርስቲያኑ መዘምራን መሪ "እኔ ነኝ" ብሎ እንባውን አወረደው።

የገበሬው የፍሮጋት የወፍ ማስፈራሪያ ማሳ ለማሳ መሄድ የጀመረ ጊዜም እንዲሁ። ገለባ የተሞላው ሰውዬ ጠዋት ከቤቱ ጎን፣ ከሰዓት በኋላ ከወንዙ ማዶ ይታያል። ሕዝቡ በዚያ መንገድ ማለፍ ተወ። ወይዘሮ ፔል፣ "ሙታን ሥራ አለባቸው፤ በገለባ ለመጫወት ጊዜ የላቸውም። ኤርነስት 'የገበሬውን ካፖርት ፈልጊ' ብሎኛል" አሉ። ለካስ ፍሮጋት የራሱን ካፖርት አልብሶት ኖሯል። ሚስቱ ከመስኮት ስታይ ባሏ ጎንበስ ብሎ ሲሠራ ይታያታል፤ እሱ መጠጥ ቤት ነው። ሴትየዋ "ባሌ ዘንድሮ ብርቱ ሆነ" እያለች ስታመሰግነው ነበር አሉ።

በወረቀት ላይ እነዚህን ሁሉ የደረሰባቸው ብሪም ነው። ለአለቆቹ "ከታመነ ምንጭ ሰማሁ" ብሎ ይጽፋል። ምንጩ የተቀበረ መሆኑን እንዴት ብሎ ይጻፍ?

እኔም እንደሌላው እስቅ ነበር። እስከ ባለፈው ሰኔ ድረስ።

ባለቤቴ ሄስተር በሚያዝያ ሞተች። ታውቋታላችሁ። ንቦቹ የእሷ ነበሩ፤ እኔ ጭስ ያዥ ነበርኩ። ወግ መቼም ወግ ነው። ከቤት ሰው ሲሞት፣ ሬሳ ሳይወጣ የበሩን ቁልፍ ይዞ ቀፎውን ቀስ አድርጎ ማንኳኳት፣ ማን እንደሞተና ከእንግዲህ ማን እንደሚጠብቃቸው ለንቦቹ መንገር ነው። ጥቁር ጨርቅ ይታሰርላቸዋል፤ ከለቅሶው ኬክ ቁራሽ ይደርሳቸዋል። ንብ ወሬውን ከጎረቤት መስማት አይወድም። የቤቱ ሰው ካልነገረው ወይ ይሞታል ወይ ይሄዳል።

ቁልፉን ይዤ ወጥቼ ነበር። ቆምኩ። አፌ አልከፈት አለ። ሰው ሁሉ "ሄስተር ሞተች" ሲለኝ ራሴን እነቀንቅ ነበር እንጂ እኔ ለአንድም ሰው አላልኩትም። ቁልፉን ኪሴ ከትቼ ተመለስኩ። እናቴ "በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም" ትል ነበር። እኔም በዚህ ነው የኖርኩት።

በዚያው ሰኔ፣ አንድ ቀን ጠዋት ቀፎውን ጭር ብሎ አገኘሁት። ማሩ እንዳለ ነው፤ ንብ ግን አንድም የለ። ለሌላ ሰው አንድ ቀፎ ንብ ነው። ለእኔ ሄስተር የጀመረችው ሥራ ገና ያላለቀበት ቦታ እሱ ብቻ ነበር። ጠዋት ጠዋት ድምፃቸውን ስሰማ ከወዲያ ጓሮ ያለች ይመስለኝ ነበር። ያን ቀን ነው ቤቱ ባዶ የሆነው።

ብሪም በብስክሌቱ መጥቶ ቀፎውን ዞረው። "ተሰርቀዋል፤ ሰው በጭስ አውጥቷቸዋል። በማር ውድድር ዘላለም ከሄስተር ሁለተኛ የሚወጣው ማን ነው? ኦዲ ነው" አለ። ማምሻውን መንደሩ በሙሉ ኦዲን በጎን ማየት ጀመረ። ወይዘሮ ፔል ግን በማግስቱ ፊት ለፊት ሄዱበት፤ እኔንም በክንዴ ይዘው።

"አንተ ኦዲ፣ ወስደሃቸዋል?"

ኦዲ የማር ማሰሮ እያጠበ ነበር። "ወይዘሮ ፔል፣ እርስዎም እንዲህ ያስቡኛል?"

"እኔ አላስብም። እጠይቃለሁ።"

እጁን ጠረገ። እኔን ሳያየኝ፣ "ዘንድሮ ለውድድሩ ምንም አላስገባም። ያለ እሷ አንደኛ ብወጣ ለማን እኮራለሁ?" አለ። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ከዚያ ወጥተን ወደ እኔ ቤት ሄድን። ውሃውን እሳቸው ጣዱ፤ ሻዩን እሳቸው ቀዱ፤ በራሴ ቤት እንግዳ አደረጉኝ።

"ዊልፍ፣ ለንቦቹ ነግረሃቸዋል?" አሉኝ።

የሻይ ማንቆርቆሪያውን አየሁት።

"የበርህ ቁልፍ ከሚስማሩ ላይ የለም። የቀኝ ኪስህም ከቀብሩ ወዲህ ወደ ታች ተጎትቷል" አሉ። ቁጣ የለበትም። ወተት ጨመሩልኝ።

"አልወጣ አለኝ ወይዘሮ ፔል።"

"አውቃለሁ ልጄ። አንዳንድ ቃል..." ብለው ጀመሩና አቆሙ።

ስኒው ከእጃቸው ወደቀ። ሻዩ በጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ፤ እሳቸው ግን አላዩትም። ወይዘሮ ፔል ሻይ ሲያፈስሱ ያየ ሰው በኔዘር ኮምብ የለም። ፊታቸው እንደ ሰም ሆነ።

"ሰማህ?"

"ምኑን?"

"ሦስተኛው ደወል።"

ምንም አልሰማሁም። ከቤተ ክርስቲያናችን ስድስት ደወሎች ሦስተኛው የሄስተር ነው፤ ከልጅነቷ ጀምሮ እሁድ እሁድ የዚያን ገመድ ስትስብ የኖረችው እሷ ናት። ከሞተች በኋላ ደዋዮቹ ገመዱን ለሌላ ሰው መስጠት ከብዷቸው መደወሉንም ትተውት ነበር። ወይዘሮ ፔል ግን ተነሥተው ሮጡ። ክብርት ወይዘሮ ፔል፣ ሰው እርምጃቸውን አይቶ ሰዓቱን የሚያስተካክልባቸው ሴት፣ ባርኔጣቸውን ረስተው በአደባባይ ሮጡ። እኔ ከኋላ። መንገድ ላይ ብሪም ከብስክሌቱ ወረደ።

"ምን ሆናችሁ?"

"ደወሉ!" አሉ እየሮጡ።

"ማንም አልደወለም እኮ ወይዘሮ ፔል፤ ከዚያው መምጣቴ ነው። ተቆልፏል።"

ይህን እያለ እሱም ተከተለን። ቄስ ሉድሎ የደወል ቤቱን ከፈቱልን።

ስድስቱ ገመዶች ከጣሪያው ወርደዋል። አምስቱ ባዶ ናቸው። ሦስተኛው ላይ፣ የደዋይ እጅ በሚይዝበት በባለቀለሙ ሱፍ ላይ፣ የሄስተር ንቦች ነበሩ። በሙሉ። ገመዱን አቅፈው፣ አንዱ በአንዱ ላይ ተደርበው፣ የሰው ክንድ ሆነው። ከላይ በግድግዳው ስንጥቅ የገባው ብርሃን ሲያርፍባቸው መላ አካላቸው ይተነፍስ ነበር። ደወል ቤቱ በሙሉ ያጉረመርማል፤ ድንጋዩም፣ እግራችን የቆመበት ሳንቃም። ያ ድምፅ እንደ ዝማሬ ሆዴ ውስጥ ገባ።

ብሪም ቆቡን አወለቀ። ቄስ ሉድሎ መስቀላቸውን ይዘው ቆሙ፤ ጸሎት ግን አልመጣላቸውም መሰለኝ። ብሪም ቆይቶ በሹክሹክታ፣ "በስንጥቁ ነው የገቡት። እዚህ የቆየ የሰም ሽታ ይኖራል" አለ።

"ከስድስቱ ሦስተኛውን መርጠው?" አሉ ቄሱ።

ብሪም ቆቡን በእጁ አገላበጠ። እኔ ዞሬ ወይዘሮ ፔልን አየሁ። ሁላችንም "ኤርነስት ነገረኝ" እንዲሉ ጠበቅን። እሳቸው ግን ዓይናቸውን ከገመዱ አላነሱም።

ኦዲን ጠራነው፤ ቅርጫት ይዞ መጣ። ጭስ ሳንጠቀም፣ እጃችንን ሳንሸፍን አወረድናቸው። አንዷም አልነደፈችንም። ወደ ቀፏቸው መልሰናቸው ስንጨርስ ብሪም ከኦዲ ጋር ተጨባበጠ። "ስለ ጠረጠርኩህ..." ብሎ ሊጀምር ሲል ኦዲ "ተወው፤ ሻይ ግዛልኝ" አለው።

ወይዘሮ ፔልን ቤታቸው ላድርሳቸው ስል ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ያለው አግዳሚ ላይ ተቀመጡ።

"ዊልፍ፣ አንድ ነገር ልንገርህ። ኤርነስት ከሞተ ጀምሮ አንዲት ቃል ተንፍሶልኝ አያውቅም።"

"ዱባውስ?"

"የመዘምራኑ መሪ ጫማ ላይ የድንኳኑ ሰጋቱራ ነበር።"

"የፍሮጋት ማስፈራሪያስ?"

"ካፖርቱ ቁልፍ ጎድሎታል። ፍሮጋት ያንኑ የካፖርት ቁልፍ በእጁ ይዞ ሲዞር አይቼው ነበር።"

"ታዲያ ለምን በእሱ ያሳብባሉ?"

"ስሙን የምጠራበት ምክንያት አስፈለገኛ። 'እኔ ደረስኩበት' ካልኩ ኤርነስት የት ይገባል? ቀኑን ሙሉ ሳልጠራው ሊውል ነው።"

"ዛሬስ ወይዘሮ ፔል?"

ወደ ደወሉ ማማ ቀና ብለው አዩ። "ዛሬ ነገረኝ። የራሱ ድምፅ ነው፤ ያ የጉንፋን ድምፁ። 'ዶሪ፣ ደወሉን ስሚ' አለኝ። ደወሉን ሰማሁ።" እንባቸውን በመዳፋቸው ጠረጉ። ከዚያ እንደ ልማዳቸው ቀና ብለው፣ "ከፈለግህ ጻፈው። ማንም አያምንህም" አሉኝ። ይኸው ጻፍኩት።

በማግስቱ ጠዋት ተላጨሁ፤ ንጹሕ ሸሚዝ ለበስኩ። ስወጣ ወይዘሮ ፔል የጓሮ በሬ ላይ ቆመዋል፤ የለቅሶ ባርኔጣቸውን አድርገው፣ ኬክ በመሐረብ ጠቅልለው። አልጠራኋቸውም፤ እሳቸውም አልጠየቁም።

ቁልፉን ከኪሴ አወጣሁ። ቀፎውን ቀስ አድርጌ አንኳኳሁ።

"ሄስተር ሞታለች" አልኩ። ድምፄ የሌላ ሰው ይመስላል። "ከእንግዲህ የምጠብቃችሁ እኔ ነኝ። ብዙ አላውቅም። እባካችሁ አትሂዱ።"

ድምፃቸው ቀጥ አለ፤ ፍጹም ዝምታ ሆነ። ከዚያ ቀስ ብሎ እንደገና ተነሣ። ጥቁሩን ጨርቅ አሰርኩ። ወይዘሮ ፔል ኬኩን ቆርሰው ቀፎው ደጃፍ ላይ አኖሩ፤ አኑረውም ወደ ኋላ አልተመለሱም። ቀፎውን ያያሉ። እሳቸው ንብ ኖሯቸው አያውቅም፤ የኤርነስትን ሞት የሚነግሩት ቀፎ አልነበራቸውም።

ቁልፉን ሰጠኋቸው።