ለገዳዩ ማን ይጸልይለት

እስቲ ይህን የመጽሐፍ ሽፋን እዩት። ደም የሚያንጠባጥብ ቢላዋ አለ። በባዶ እግሯ የምትሮጥ ሴት አለች፤ ለምን እንደሆነ እንጃ፣ እነዚህ ሽፋኖች ላይ ጫማ አድርጋ የምትሮጥ ሴት አይቼ አላውቅም። ከኋላዋ ጭጋግ፣ ከጭጋጉ ውስጥ ኮፍያውን ዝቅ ያደረገ ሰው። አሁን ደግሞ ዓይናችሁን ጠበብ አድርጋችሁ ታች ጥጉን ተመልከቱ። የሰናፍጭ ቅንጣት የምታህል መስቀል አለች። ከጎኗ «ለመላው ክርስቲያን ቤተሰብ የቀረበ ልብ አንጠልጣይ» ተብሎ ተጽፏል። ቢላዋው ለገበያ ነው፤ መስቀሏ ለኅሊና።

እኔ ይህን ነገር አልወደውም። ብዙ ስላልተማርኩ አንድን ነገር በጨዋ ቋንቋ መጥላት አልችልበትም፤ በቀጥታ ነው የምጠላው። ሥጋ ቤት በር ላይ ጥቅስ መለጠፍ ሥጋውን የጾም አያደርገውም። ሰው ከዳር እስከ ዳር እንደ ሽንኩርት ሲከተፍ ቆይቶ መጨረሻው ገጽ ላይ መርማሪው ስለተንበረከከ ብቻ፣ መጽሐፉ መንፈሳዊ የሚሆነው በየትኛው ሒሳብ ነው? ይህን ያልነገርኩት ሰው የለም። የሰማኝም የለም። ያልተሰማሁት ደግሞ በአንዲት ሴት ምክንያት ነው።

ሴትዮዋን ታውቋታላችሁ። ጣራ ያለው የጸሎት አዳራሽ ሁሉ አንድ እንደ እሷ ያለች አለችው፤ የሌለችው ካለ ጣራው ገና አልተመታም ማለት ነው። የእኛዋ ፀጉር ሠሪ ናት። ሰፈሩ ክብርት እትዬ ሬሳ ይላታል፤ ፊት ለፊት «እትዬ» ብቻ፣ ሬሳው ዞር ስትል ይጨመራል። ስሙ የወጣላት ሬሳ ከአፏ ስለማይጠፋ ነው። ያነበበችውን ለደንበኞቿ ካልተረከች እንቅልፍ አይወስዳትም። ደንበኛዋ ግን ጭንቅላቷን ፀጉር ማድረቂያው ውስጥ ከታ ነው የምትቀመጠው፤ ማሽኑ ደግሞ እንደ ወፍጮ ይጮኻል። ስለዚህ ትረካው ሁሉ በጩኸት ነው።

አንድ ቀን በበሯ የሚያልፍ ትራፊክ ፖሊስ «ሬሳውን ደረጃው ሥር ቀበረው፣ ሚስቱ ግን እስካሁን አላወቀችም» የሚል ድምፅ ሰምቶ ዘው ብሎ ገባ። እትዬ ሬሳ ወንበር ሰጠችው። ምዕራፉ ሳያልቅ አልወጣም። ሲወጣ መስቀለኛው መንገድ ላይ መኪና በመኪና ላይ ተነባብሮ ነበር አሉ። ከነገሩኝ ላይ የጨመርኩት የለም።

ታሪኩ ሲጦዝ ደግሞ እጇ ይቆማል፤ መቀሱ አየር ላይ እንደተከፈተ ይቀራል። ባለቤቴ አንድ ጊዜ ፀጉሯ ግራው አጥሮ ቀኙ እንደ ረዘመ ቤት ገባች። ምነው ብላት፣ መርማሪው ምድር ቤት ውስጥ ተቆለፈበት፣ እትዬም ማልቀስ ጀመረች፣ ነገ ተመለሺ ተባልኩ አለችኝ። በማግስቱ ሄደች። ቀኙን ለማስቆረጥ ይሁን መርማሪው መውጣቱን ለመስማት፣ አልጠየቅኳትም።

ክብርት እትዬ ሬሳ ዓለማዊ ልብ አንጠልጣይ በእጇ አትነካም። ልዩነቱ ምንድነው ብዬ ብጠይቃት፣ እንደ ሕፃን ቀስ አድርጋ አስረዳችኝ። በዓለማዊው መርማሪው ዝም ብሎ ይተኩሳል፤ በመንፈሳዊው ጸልዮ ይተኩሳል። «ደግሞ እኔ አላነብም ወንድሜ፣ እመረምራለሁ» ትላለች። ምርመራው በየሳምንቱ አንድ ወፍራም መጽሐፍና ሙሉ ፓኬት የወረቀት መሐረብ ይፈጃል።

የአዳራሻችን የመጽሐፍ መደርደሪያ የእሷ ግዛት ነው። ይነሣልኝ ብዬ የጸሎት ቡድናችንን መሪ ስንቴ ለምኛለሁ። ሰውየው ጡረታ የወጣ ሒሳብ ሹም ነው፤ አባ አጀንዳ እንለዋለን። በለመንኩት ቁጥር «በአጀንዳ ይያዝ» ይለኛል። እሱ ዘንድ የተያዘ ነገር እንደ ተያዘ ያረጃል።

ይባስ ብለው ወጣቶቹ ከነዚሁ መጻሕፍት በአንዱ የተሠራ ፊልም አዳራሹ ውስጥ አሳዩን። ክፉው ሰውዬ ከድልድይ ላይ ቁልቁል ሲወረወር ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ። ከፊት ወንበር አንድ ወፍራም ድምፅ «አሜን» አለ። እትዬ ሬሳ ብቻ «ወይ ልጄን» ብላ ፊቷን በሻርፗ ሸፈነች። ሳቅንባት።

ጉዱ የመጣው ከዚያ ወዲህ፣ በአንድ ማክሰኞ ጸሎታችን ላይ ነው። አባ አጀንዳ የጸሎት ርእስ ያለው እንዲናገር ሲጋብዝ፣ እትዬ ሬሳ እንደ ልማዷ «ሸክም አለብኝ» ብላ ተነሣች። አንድ ሐኪም አለ አለች። ደግ ሰው ነበር፤ ቅናት ገባበትና የገዛ ወንድሙን በመርዝ ገደለ። ሲያደርግ ያየችው ነርስ አለች፤ አሁን እሷን ሊያጠፋ እያደነ ነው። ፖሊስ እየተከታተለው ነው፣ ልቡ ግን በየቀኑ እየደነደነ ሄዷል። ስሙን አትጠይቁኝ፣ ብቻ ከመሞቱ በፊት ይመለስ ብላችሁ ጸልዩለት አለችና እንባዋ ቀደማት።

የእኛ ቡድን የለመደው የወገብ ሕመምና የልጅ ፈተና ነው። እንዲህ ያለ ርእስ መጥቶልን አያውቅም። አዳራሹ ተናወጠ። አንዲት ጡረታ የወጣች ነርስ አለችን፤ ታዳኟ የሙያ ባልደረባዋ ስለሆነች ነው መሰል ሳምንቱን ሙሉ ምሳ ላልበላ ብላ ተሳለች። እኔም ጸለይኩ፣ ያውም ድምፄን ከፍ አድርጌ።

በሚቀጥለው ማክሰኞ ነርሷ ጉንጯ ጎድጉዶ መጣችና ያ ሰው እንዴት ሆነ ብላ ጠየቀቻት።

እትዬ ሬሳ አንገቷን ደፋች። «ምን እላችኋለሁ እህቴ» አለች፣ «ምዕራፍ ሃያ ላይ ጭራሽ ባሰበት።»



«ምን ላይ?» አለች ነርሷ።

ከዚያ ወዲያ የሆነውን ለመጻፍ ብዕሬ ጨዋ ነው። ነርሷ በወረቀት ሰው አስራበችኝ እያለች ግድግዳውን ዞረች። ፌዙ መንገድ ለመንገድ ሄደ፤ የሌላ አዳራሽ ሰዎች ሳይቀሩ ሐኪሙ እንዴት አደረ ይሉን ጀመር። አባ አጀንዳ በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ አጀንዳ ከያዘ በኋላ ስብሰባ ጠራ። ጉዳዩ ሁለት ነበር። መደርደሪያው ይነሣ። እትዬም ከጸሎት ቡድኑ ትውጣ።

ስለ መደርደሪያው ሲነገር እሺ ብላ ራሷን ነቀነቀች። ስለ ቡድኑ ሲነገር ግን ቦርሳዋን ጭኗ ላይ ጥብቅ አድርጋ ያዘች። ብቻዋን የምትኖር ሴት ናት። ማክሰኞ ማክሰኞ ደንበኛ እየመለሰች ሱቋን ዘግታ፣ ሁላችንን ቀድማ ደርሳ ወንበር የምትደረድር እሷ ናት። ከዚህ ብትወጣ የምትሄድበት ሌላ ማክሰኞ አልነበራትም።

መጀመሪያ የተናገርኩት እኔ ነኝ። ስለ ሥጋ ቤቱ ተናገርኩ፣ ስለ ቢላዋውና ስለ መስቀሏ ተናገርኩ። ጥሩ ተናገርኩ፤ ነርሷ ሁለት ጊዜ «በለው» አለችኝ። ከዚያ አባ አጀንዳ መነጽሩን አውልቆ፣ ድምፁን አለስልሶ፣ «እህቴ፣ ይህ ሰው እኮ የለም» አላት።

«አውቃለሁ ጋሼ» አለች፣ «አላበድኩም።»

ቀጥላ ነገሩን አስረዳችን፤ እንደ ፀጉር ቤቷ አልጮኸችም። መጽሐፉ መንፈሳዊ ስለሆነ ሁሉም ሰው ይጸልያል አለች። መርማሪው ሐኪሙን ለመያዝ ይጸልያል። የመጽሐፉ ነርስ ከእጁ ለማምለጥ ትጸልያለች። መጽሐፉ ውስጥ ያለው ፓስተር ደግሞ ለሁለቱም ይጸልያል። ለሐኪሙ ግን የጸለየለት አንድ ሰው አጣሁ፤ ያለፍኩት መስሎኝ ተመልሼ ከመጀመሪያው መረመርኩት አለች። ደራሲው ሊገድለው እያዘጋጀው እንደሆነም ገብቷታል፤ ከብዙ ምርመራ የተነሣ ሽታው ይታወቃታል።

«መንፈሳዊ ነው ብላችሁ አይደለም እዚህ እንዲደረደር የፈቀዳችሁት? እኔም መንፈሳዊ ነው ብዬ ያዝኩት። ሐኪሙ የለም፣ እሺ። የፊልሙም ሰውዬ የለም። ከድልድዩ ሲወድቅ ያጨበጨብንበት እጅ ግን አለ ጋሼ።»

አባ አጀንዳ እጁን አየ። ያን ዕለት ከፊት ወንበር «አሜን» ያለው እሱ ነበር።

እኔ ገና የምናገረው ብዙ ነበረኝ። ግን ቁጭ አልኩ። መለያው ውሸት ነው እያልኩ ስንት ዘመን ስጮህ፣ መለያውን አምና ከምሯ የምታነብ ሰው ብትመጣ ምን ይውጠናል ብዬ አስቤ አላውቅም። ነጋዴው ለማሻሻጫ የለጠፋትን ቃል እሷ እንደ ቃል ተቀበለችው። በደራሲው፣ በአሳታሚውና በእኛ መካከል፣ ለገዳዩ ያዘነች ክርስቲያን አንዲት ፀጉር ሠሪ ብቻ ሆና ተገኘች።

ስለዚህ እትዬ ቡድኑ ውስጥ ቀረች። መደርደሪያው እንደገና በአጀንዳ ተይዟል። አባ አጀንዳ አንድ ሕግ ብቻ አወጣ፤ ማንም የጸሎት ርእስ ሲያቀርብ ሰውየው ሥጋ ነው ወረቀት ተብሎ ይጠየቃል። ባለፈው አንድ ወንድም ስለ ሚስቱ ራስ ምታት ሊናገር ገና አፉን ሲከፍት ተጠየቀ። «ሥጋ ናት» አለ፣ በጣም ቅር ብሎት።

እኔ አቋሜን አልቀየርኩም። መስቀልን የቢላዋ መሸጫ ማድረግ ነውር ነው። መከተፉን ፈልጋችሁ የምታነቡ ዓለማዊውን አንብቡ፤ እሱ ቢያንስ አይዋሽም። እንደ እትዬ ሬሳ የምታነቡ ካላችሁ ግን ያሻችሁን አንብቡ፣ እኔም አፌን እዘጋለሁ።

አሁን ያስቸገረን ሐኪሙ ነው። መጨረሻው ምዕራፍ ላይ ቆስሎ ወንዝ ውስጥ ገባ፤ ሬሳው አልተገኘም፤ ከዚያ «ይቀጥላል» ይላል። እትዬ መቀሷን አየር ላይ ይዛ ቀርታለች፤ የግማሽ ሰፈር ፀጉር ግማሽ ነው። ክፍል ሁለትን መጽሐፍ መሸጫ ለመጽሐፍ መሸጫ ዞሬ ጠየቅሁ፤ ሻጮቹ በመጽሐፎቹ ላይ የተናገርኩትን ክፉ ቃል ስለሚያስታውሱ ሲያዩኝ ይስቃሉ፣ መጽሐፉ ግን የላቸውም። ነርሷ እንኳ፣ ምሳዋን በልታም ቢሆን፣ ማክሰኞ ማክሰኞ ስሙን ታነሣለች።

ስለዚህ ክፍል ሁለት እጃችሁ ላይ ያለ አንባቢዎቼ፣ እባካችሁ ለእኔ አውሱኝ። መጨረሻውን የምታውቁም፣ ሐኪሙ ሳይመለስ ሞቶ እንደሆነ፣ በዚያች ፀጉር ቤት በር ስታልፉ አፋችሁን ያዙልኝ። እኛ ገና እየጸለይንለት ነው።