እኔ፣ ልጄና የእህቱ ቀሚስ በአምባሰል ቁልቁለት

ዛሬ የደረሰብኝን ብነግራችሁ አታምኑኝም።

የምታምኑኝ ካላችሁ ውጫሌ መግቢያ ላይ ቆማችሁ በዓይናችሁ አይታችሁኛል ማለት ነው። እናንተ ደግሞ ሳቃችሁን ጨርሱና አንብቡ!

እኔ የእንድሪስ እናት ዘሀራ ነኝ። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ስህተት ስታገኙ ዝም ብላችሁ እለፉ። ባለፈው እዚሁ ቀበሌው ግድግዳ ላይ ስለ ጎረቤቴ ዶሮዎች ስጽፍ ከሥር አስተያየት የሞላችሁብኝ ሰዎች፣ ዛሬም ቦታ ትቼላችኋለሁ። እርሳሱ በክር ታስሯል። ክሩን አትበጥሱ።

ወደ ጉዱ ልግባ።

ጠዋት እንድሪስ "እማዬ፣ አክስቴ ጋ ደርሼ ልምጣ" ብሎኝ ወጣ። አክስቱን እንዲህ እንደሚወዳት አላውቅም ነበር። ደስ አለኝ። ሞኝ!

ትንሽ ቆይታ ጎረቤቴ አስካለ እያለከለከች ገባች። "አንቺዬ ዘሀራ፣ ልጅሽ አደባባይ ተሰልፏል" አለችኝ።

ከማን ጋር? ከወጣቶቹ ጋር። ሌላስ? ደረታቸው ላይ ቁጥር ተለጥፏል። ሌላስ? የወጣት ማኅበሩ ጓድ ፊሽካ ይዟል። ሌላስ?

ከኋላቸው ካሚዮን ቆሟል።

ጫማዬን ፈለግሁ።

ምን እንደፈራሁ እዚህ አልጽፍም። ግድግዳ ነው። ብቻ ባለፈው ዓመት የአስካለ የእህት ልጅ ኳስ ሊያይ ብሎ ወጥቶ ደብዳቤው የመጣው ከማሠልጠኛ ነው። ክፉ ነገር አልወጣኝም! መሠልጠን ደግ ነው። እኔን ያሳዘነኝ ኳሱን ሳያይ መሄዱ ነው።

አስካለ ከዚያም ብዙ ነገር ነግራኛለች። ብስክሌት ይዘዋል፣ ሕዝብ ያጨበጭባል ብላኛለች አሉ። እኔ ከካሚዮን ወዲያ የተነገረኝን አልሰማሁም። የሰማሁት "በሐይቅ መንገድ ሽቅብ ወጡ" የሚለውን ብቻ ነው።

የእህቱን ቀሚስ ከገመድ ጎትቼ ብብቴ ውስጥ ከተትኩና ወጣሁ። አበባ ያለበት፣ እጅጌው ረዥም ቀሚስ።

ቀሚሱ ለምን አላችሁ? ለብርድ ነው። የአምባሰልን ንፋስ አታውቁትም እንዴ? በቃ፣ ለብርድ ነው።

መኪና መንገዱ እየተጠማዘዘ ነው የሚወጣው። የእኛ የእንጨት ለቃሚዎቹ የእግር መንገድ ግን ቀጥ ብሎ ገደሉን ይሰነጥቀዋል። ገባሁበት። ጓድ በስብሰባ ላይ ይህ ተራራ ለዓይን ማራኪ ነው፣ ጎብኚ በእግርም በብስክሌትም ይመጣበታል፣ ከላይ ሆኖ እስከ ሐይቅ ውሃ ድረስ ያያል ሲል ሰምቼው ነበር። ወላሂ እኔ ያየሁት ኮንጎ ጫማዬን ብቻ ነው። እሱም ግማሽ መንገድ ላይ አንዱ እግሬን ጥሎ ገደል ገባ።

ወደ አናቱ ስቃረብ መታጠፊያው ላይ ቁልቋል ሥር ተደበቅሁ።

ልጄ ብቅ አለ። በብስክሌት። ብቻውን! ሌሎቹ ከኋላው ርቀው ይመጣሉ፣ ከእነሱ ኋላ ካሚዮኑ።

እናንተ ብትሆኑ ምን ይመስላችሁ ነበር?

አመለጣቸው አልኩ። አልሐምዱሊላህ፣ የኔ ጀግና አመለጣቸው!

እርግጥ የሚሸሸው ወደ ውጫሌ ነበር። ወደ ተነሳበት። ያን ጊዜ ይሄ አልታየኝም።

ዘልዬ መሐል መንገድ ገባሁ። ፍሬን ያዘ። ፍሬኑ አልያዘለትም። ወዲያው ሁለታችንም ቁልቋሉ ሥር ነን፣ ብስክሌቱም በላያችን። ሳይነሳ ቀሚሱን ባንገቱ አጠለቅሁለት።

"እማዬ፣ ምን እያደረግሽ ነው?"

"ዝም በልና እጅህን አስገባ።"

"ውድድር ነው'ኮ።"

"ካሚዮኑስ?"

"የደከመውን የሚጭን ነው።"

ያረቢ።

ለካ ከውጫሌ ተነስተው፣ ዳገቱ አናት ላይ የተተከለውን ባንዲራ ዞረው የሚመለሱበት ውድድር ነው። አንደኛ የወጣ ውጫሌን ወክሎ ደሴ ይወዳደራል። ልጄ ክረምቱን ሙሉ ከሐይቅ ከተማ በተዋሰው ብስክሌት ሲለማመድ ከርሟል። ያልነገረኝ እንዳልከለክለው ነው። እና አንደኛ ነበር። እኔ እስክደርስለት ድረስ።

አንዱ አለፈን። ሌላው አለፈን። ሦስተኛው "እንድሪስ፣ ቀሚስ ያምርብሃል" ብሎ አለፈን።

ልጄ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ቁልቋሉ ቢውጠኝ ደስ ባለኝ። "ሂድ፣ ድረስባቸው" አልኩት። ልነሳ ስል ቁርጭምጭሚቴ እንቢ አለኝ። "አንቺን ጥዬ?" አለ። ካሚዮኑ መጥቶ አጠገባችን ቆመ፣ ሾፌሩም በሩን ከፍቶ "ውጪ እናቴ፣ ላድርስሽ" አለኝ።

እኔ? ካሚዮን ላይ? በነቢ!

ብስክሌቱ ኋላ፣ ዕቃ መጫኛው ላይ ወጣሁ።

ቀጭን ሴት አይደለሁም። ታውቁኛላችሁ። ዳገት ቢሆን እስካሁን እዚያው ነበርን። ግን ቁልቁለት ነው! ብስክሌቱ በእኔ ክብደት እንደ ናዳ ወረደ። ሦስተኛውን ስናልፈው "ላንተም ሌላ ቀሚስ አመጣልሃለሁ" አልኩት። ሁለተኛውን ስናልፈው ምንም አላልኩም፤ ዓይኔን ጨፍኛለሁ።

"እማዬ" አለኝ እንድሪስ በእርጋታ፣ "የያዝሽው ዓይኔን ነው።"

እንዲህ ሆነን ውጫሌ ገባን። ሁለተኛ! ልጁ ባበባ ቀሚስ፣ እናቱ ባንድ እግር ጫማ። ጭብጨባው ቆመ። ከዚያ ሳቁ መጣ። እስካሁን አልቆመም፤ እየጻፍኩ ይሰማኛል።

ዳኞቹ ተጣሉ። አንዱ ሁለት ሰው በአንድ ብስክሌት አይፈቀድም አለ። ሌላው ደንቡ ስለ እናት ምንም አይልም አለ። ጓድ ከላይ እስከ ታች አየኝና "ይህን ሁሉ ጭኖ ሁለተኛ ከወጣ፣ ባዶውን ምን ሊሆን ነው? ከአንደኛው ጋር እሱም ደሴ ይሂድ" አለ።

ይህን ሁሉ ያለው እኔን ነው።

ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ "እናቱስ ትፈቅጃለሽ?" አለኝ።

ደሴ። ቁጥር ለጥፎ። ከወጣት ጋር ተሰልፎ። እንቢ ልል አፌን ከፈትኩ። ልጄን አየሁት። ፔዳሉን ያያል። ቀሚሱን አላወለቀም። አገር ምድሩ እየሳቀበት፣ ለምን አለበስሽው ብሎ ሰው እኔን እንዳይጠይቀኝ "በርዶኝ ነው" ይላል።

"ይሂድ" አልኩ። ድምፄ የሌላ ሰው ድምፅ ይመስል ነበር።

ጓድ በየት በኩል አቋርጬ ብስክሌቶቹ ላይ እንደደረስኩ ጠየቀኝ። ነገርኩት። ደስ ብሎት በቀለም ምልክት አስደርጎበት ለእግር ጎብኚዎች ሊያሳያቸው ነው። ጎብኚዎች ሆይ፣ አንድ የግራ እግር ኮንጎ ካገኛችሁ የኔ ነው።

እንግዲህ የዛሬ ትምህርቴ ይሄ ነው፦ ልጅሽ ሲሸሽ ብታዪው መጀመሪያ ወዴት እንደሚሸሽ እዪ።

ቅዳሜ ደሴ ነው። ፈቅጃለሁ፤ ቃሌን አላጥፍም። ግን ደሴ እንዴት እንደሚበርድ ታውቃላችሁ። ቀሚሱን አጥቤ አስጥቼዋለሁ።

ካሚዮን ላይ ደግሞ አልወጣም። እስቲ ከሥር ጻፉልኝ፦ ከዚህ ደሴ ድረስ የእግር አቋራጭ የሚያውቅ አለ?