የተቆጣጣሪው አንገት

(አንድ ወንበርና አንድ መስታወት ያላት ጠባብ ፀጉር ቤት። ወንበሩ ላይ ተንጋሎ የተኛው ሰው ጡረታ እስኪወጣ ድረስ የገበያ ሚዛን ሲቆጣጠር የኖረ ነው፤ ሚዛኑን ቢተውም መቆጣጠሩን አልተወም። ዛሬ ከሰዓት ትንሿ ልጁ ታገባለች። ታላቋ ስታገባ ራሱን በራሱ ተላጭቶ፣ አንገቱ ደምቶ፣ ነጭ ኮሌታው ቀልቶ ነበር፤ በሰርጉ ፎቶ ሁሉ ላይ አንገቱ ላይ የለጠፋት ቁራጭ ወረቀት አብራ ተነስታለች። ትንሿ ታዲያ፣ አባዬ ራስህን እንዳትላጭ፣ ደም ካየሁ ፎቶ አብሬህ አልነሳም ብላ አስጠንቅቃዋለች። ስለዚህ ያኔ የቆረጠችውን፣ እጀታዋ የሚታጠፍ ምላጩን እንዲላጭባት በኪሱ ይዞ፣ ቅር እያለው መጥቷል። ፀጉር አስተካካዩን ሰፈሩ ሁሉ ቀስ በል ይለዋል፤ ለምን እንደሆነ ሲሠራ ያየው ሁሉ ያውቃል። ክርክሩ የተጀመረው ገና ፎጣው ላይ ነው።)

ተቆጣጣሪው፦ ይሄ ሙቅ ፎጣ ነው? ይሄማ ለብ ያለ ነው።

ቀስ በል፦ ለብ ያለ ሙቅ አይደለም እንዴ ጋሼ?

ተቆጣጣሪው፦ አይደለም። ሙቅ ማለት እጅ የሚችለው፣ ግን ቅር እያለው የሚችለው ነው።

ቀስ በል፦ የማን እጅ?

ተቆጣጣሪው፦ የማንም እጅ። ድጋሚ ንከረውና ሙሉ ፊቴን ሸፍነው። ሦስት ደቂቃ። ጢሙ ካልራሰ ምላጩ ይጎትተዋል፤ ከጎተተው ደግሞ ቆዳው ይቆጣል።

(ቀስ በል ፎጣውን ነክሮ፣ ጨምቆ፣ ከግንባር እስከ አገጭ ይጠቀልለዋል። ከዚያ እጁን አጣምሮ የግድግዳውን ሰዓት ያያል። ተቆጣጣሪው እግሩን ማወራጨት ይጀምራል፤ በመጨረሻ ፎጣውን ራሱ ገፎ ቀና ይላል።)

ተቆጣጣሪው፦ አፍንጫዬ ምን አድርጎህ ነው የምትሸፍነው?

ቀስ በል፦ ሙሉ ፊቴን አሉኝ። አፍንጫዎ ደግሞ ፊትዎ ላይ ነው።

ተቆጣጣሪው፦ ሰው እንደሚተነፍስ አታውቅም?

ቀስ በል፦ አውቃለሁ ጋሼ። አንድ ደቂቃ ብቻ ስለቀረዎት ይችላሉ ብዬ ነው።

(ተቆጣጣሪው በዚህ ሰው ተስፋ ቆርጧል። ሳሙናው በብሩሽ ተመትቶ እስኪወፍር ድረስ ስለ አረፋ ማብራሪያ ይሰጣል፤ ምላጩ ግድግዳው ላይ በተወጠረው የመሳያ ቆዳ ላይ እየተመላለሰ ሲሳልም ጀርባው እንጂ ስለቱ እንዳይቀድም ያሳስባል፣ ምልልሱንም ጮክ ብሎ ይቆጥራል። ቀስ በል ሁሉንም እሺ ይላል። እሺ ማለቱ የገባው ስለመሆኑ ግን ምንም ምልክት የለም። በመጨረሻ ተቆጣጣሪው ከኪሱ ከካርቶን የተቆረጠች ትንሽ ባለ ሦስት ማዕዘን አውጥቶ ይሰጠዋል።)

ቀስ በል፦ ይቺ ደግሞ ምንድን ናት?

ተቆጣጣሪው፦ መለኪያ። ምላጩ ከቆዳዬ ጋር ሠላሳ ዲግሪ መሆን አለበት። ቀጥ ብሎ ከቆመ ይቆርጣል፣ በጣም ከተኛ ፀጉሩን ይነቅላል። ይቺን ጉንጬ ላይ ታስደግፍና ምላጩን በሷ ልክ ትይዛለህ።

ቀስ በል፦ እሷን ከያዝኩ ቆዳዎን በምን እወጥራለሁ?

ተቆጣጣሪው፦ በሌላው እጅህ።

ቀስ በል፦ በሌላው ምላጩን ይዤ?

ተቆጣጣሪው፦ (እጁን ዘርግቶ) አምጣት። (ወደ ኪሱ ይመልሳታል።) ብቻ እንዳትጫነኝ። የምላጩ የራሱ ክብደት ይበቃል።

ቀስ በል፦ ታዲያ እኔ ምን ልሥራ?

ተቆጣጣሪው፦ አንተ ያዘው። ዋናው ነገር ግን ይሄ ነው፣ ጆሮህን ስጠኝ። ጢም የሚላጨው ወደሚያድግበት አቅጣጫ ብቻ ነው። በተቃራኒው ሄድክ ማለት ቆዳው ሽፍ ይላል፣ ያብጣል፣ ይደማል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ይሄን ሕግ ላገኘሁት ሰው ሁሉ ሳስተምር ኖሬአለሁ።

ቀስ በል፦ ወዴት ነው የሚያድገው?

ተቆጣጣሪው፦ ወደ ታች ነዋ። ጢም ሌላ ወዴት ሊያድግ ነው?

ቀስ በል፦ አሁን ግን ተኝተዋል።

ተቆጣጣሪው፦ ብተኛስ?

ቀስ በል፦ ሲተኙ ወደ ታች የቱ ጋ ነው? ወደ ወለሉ ነው ወደ እግርዎ?

ተቆጣጣሪው፦ ወደ እግሬ። (ለራሱ) ልጄ ከማን እጅ ላይ እንደጣለችኝ ባየች።

(ቀስ በል ይጀምራል። ጉንጩን በሁለት ጣት ወጥሮ ምላጩን በአጭር በአጭሩ ያስኬደዋል፤ በየመሀሉ ጠርጎ፣ አስተያይቶ፣ ይቀጥላል። ተቆጣጣሪው አንድ ስህተት ለመያዝ ዓይኑን መስታወቱ ላይ ተክሏል። ምንም አላገኘም፤ ይሄም አናዶታል። ጉንጭና አገጭ አልቆ አንገት ላይ ሲደረስ ምላጩ ይቆማል። ቀስ በል አረፋውን በፎጣ ይጠርግና አንገቱን በጣቱ ጫፍ ይዳስስ ጀመር፤ ወደ ታች፣ ወደ ላይ፣ እንደገና ወደ ታች።)

ተቆጣጣሪው፦ ምን ትፈልጋለህ?

ቀስ በል፦ ጢምዎን።

ተቆጣጣሪው፦ አልጠፋም። ላጨው።

ቀስ በል፦ ይቅርታ ጋሼ፣ እኔ በጣቴ ካልነካሁት ነገር አይገባኝም። ወደ ታች ነው ብለውኛል። ይሄኛው ግን ወደ ላይ ነው የሚሄደው።

ተቆጣጣሪው፦ አይሆንም።

ቀስ በል፦ እኔም አይሆንም ብዬ ነው ሦስቴ የዳሰስኩት።

ተቆጣጣሪው፦ ስድሳ ዓመት አብሮኝ የኖረ አንገት ነው። ካንተ እኔ አላውቀውም?

ቀስ በል፦ እስቲ እርስዎም በጣትዎ ይሞክሩት።

(ተቆጣጣሪው ሊያሳፍረው ፈልጎ ጣቱን ከአገጩ ሥር ያሳርፍና ወደ ታች ይስባል። ጣቱን እንደ ጆንያ ይከረክረዋል። ወደ ላይ ሲመልሰው ልስልስ አለ። ደግሞ ወደ ታች ሳበው፤ ጆንያው እዚያው ነው። ጣቱን ከአንገቱ አንስቶ ያየዋል።)

ተቆጣጣሪው፦ ይሄ ዛሬ ነው እንዲህ የሆነው።

ቀስ በል፦ ይሆናል ጋሼ። ሰርግ ስለሆነ።

ተቆጣጣሪው፦ ታዲያ እስከዛሬ በተቃራኒው ነበር የምላጨው?

ቀስ በል፦ አንገትዎን ብቻ። ጉንጭዎ ላይ ልክ ነበሩ። ብዙ ሰው እንዲህ ነው፤ አንዳንዱማ ወደ ጎን የሚያድግም አለው። ሕግዎ ልክ ነው፤ አንገትዎ አልሰማም እንጂ።

(ቀስ በል አንገቱን እንደገና አረፋ ቀብቶ ከታች ወደ ላይ ይላጨዋል። በቀዝቃዛ ውኃ ያብሰውና ሳይፈትግ፣ ፎጣውን ጫን ጫን እያደረገ ያደርቀዋል። ተቆጣጣሪው መስታወቱ ላይ ያፈጣል። አንዲት ጠብታ ደም የለም። ልጁ ፎቶው ላይ ክንዱን ይዛ ከጎኑ ስትቆም በሐሳቡ ታየውና ዓይኑ እርጥብ ይላል፤ ያፍራልም፣ ደስም ይለዋል። አመሰግናለሁ ለማለት አፉን ሲከፍት የኮቱ ኪስ ውስጥ ስልኩ ይጠራል። ልጁ ናት። ብዙ ታወራለች። ስልኩን ዘግቶ ተመልሶ ወንበሩ ላይ ይቀመጣል።)

ቀስ በል፦ ምነው ጋሼ? ደህና አይደሉም?

ተቆጣጣሪው፦ ሙሽራው ሁለተኛ ሸሚዙን እየቀየረ ነው።

ቀስ በል፦ ምን ሆኖ?

ተቆጣጣሪው፦ አንገቱ ደምቶ።

ቀስ በል፦ አይ፣ ምን ዓይነቱ ነው በሰርጉ ቀን እንዲህ አድርጎ የሚላጨው?

ተቆጣጣሪው፦ (ዓይኑን ከመስታወቱ ላይ እያሸሸ) ዛሬ ጠዋት እኔ ነኝ የላጨሁት። በጥንቃቄ። ከላይ ወደ ታች፣ ሁለት ጊዜ።