ወንድ ያልተወለደበት ፋብሪካ

የመንግሥት ፎርም ሲሰጣችሁ መጀመሪያ የምታዩት የትኛውን በኩል ነው? እኔ ጀርባውን ነው። ፊቱ ላይ የሚጠይቀው ሁልጊዜ ለእኛው ጥቅም ነው፤ ለምን እንደሚጠይቅ ግን የትም አይጻፍም። ስለዚህ ገልብጬ አየዋለሁ። ባዶ ነው። ባዶ መሆኑ ደግሞ የባሰ ያስጠረጥረኛል።

በደርግ ጊዜ ጉለሌ አንድ የጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ ስሠራ እንዲህ ያለ ፎርም መጣ። በሥራችን የምናስተዳድራቸውን ቤተሰቦች ስም፣ ጾታና ዕድሜ እንድንሞላ፤ ባለቤት፣ ከአሥራ ስምንት ዓመት በታች የሆኑ ልጆችና የሚጦሩ ወላጆች በነፃ ይታከማሉ ተባለ። እሰይ! ግን ብሔራዊ ውትድርና በታወጀበት ሰሞን ጾታና ዕድሜ ምን ያደርግላቸዋል? በሽታ ጾታ ይመርጣል እንዴ? ልጄ ምትኩ አሥራ ስምንት ሊደፍን ትንሽ ቀርቶታል። ፋብሪካው «ከእንግዲህ አላውቀውም» የሚልበትና ጦሩ «ና ልጄ» የሚልበት ቀን አንድ የሆነው በአጋጣሚ ነው? እኔ በአጋጣሚ አላምንም። ባለቤቴን፣ ሁለቱን ሴቶች ልጆቼንና አማቴን ሞላሁ። ምትኩን አልወለድኩትም።

ወር ሳይቆይ ያልወለድኩት ልጅ ሆዴን ብሎ ተንከባለለ። ሐኪሙ ትርፍ አንጀት ነው፣ ዛሬውኑ ኦፕራሲዮን ካልተደረገ ይፈነዳል፣ ከመሥሪያ ቤትህ ደብዳቤ አምጣ አለኝ።

እየሮጥኩ ሠራተኛ አስተዳደር ገባሁ። ሹሙ ጓድ መኩሪያ ነው፤ ብዙ ስለማይናገር ጆሮ ጠቢ ነው ብዬ ከጠረጠርኩት ስድስት ዓመቴ ነው። ፎርሜን አውጥቶ በመነጽሩ ሥር አየና፣ እዚህ ያሉት ልጆች ሴቶች ናቸው፣ ይሄኛው መቼ ተወለደ አለኝ። እ... ማለቴ... ረስቼው ነው አልኩት። ልጅ ይረሳል? ጓድ መኩሪያ ተነስቶ በሩን ቆለፈ። በቃ፣ አለቀልን አልኩ፤ ልጄ እዚያ፣ እኔ እዚህ።

እሱ ግን የፎርሙን ቁልል ፊት ለፊቴ ዘረገፈው። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ በዚህ ፋብሪካ ወንድ ልጅ የወለደ ሠራተኛ አንድም የለም፣ ሁላችሁም ሴት በሴት ናችሁ አለኝ። ከዚያ ደብዳቤውን ጻፈ፦ ዕድሜ፣ አሥራ ሦስት። ኧረ ጢም አብቅሏል ስለው፣ ታዲያ ላጨዋ አለኝ። ደብዳቤውን ተቀብዬ ስወጣ ፍርሃቴ ባሰ። ሰው ዝም ብሎ እንዲህ ደግ ይሆናል? በኋላ ሊይዘኝ ነው እንጂ።

ምትኩን እያቃሰተ ላጨሁት። ሕፃናት ክፍል ገባ፣ ኦፕራሲዮን ሆነ፣ ዳነ። ተመስገን! ደስታዬ ግን አንድ ቀንም አልቆየም። በማግስቱ በጠያቂ ሰዓት ጓድ መኩሪያ ምሳ ዕቃ አንጠልጥሎ በሩ ላይ ብቅ አለ። አላልኳችሁም? ሊያጣራ መጣ! ከአልጋው ተርፎ የወጣውን የምትኩን እግር በጋቢዬ ሸፈንኩት።

ጓድ መኩሪያ አልፎን ሄዶ ከሚቀጥለው አልጋ ጫፍ ተቀመጠ። አልጋው ላይ ከምትኩ የሚረዝም፣ አገጩን ምላጭ የጫረው ሕፃን ተኝቷል። ሕፃኑ በወፍራም ድምፅ፣ አባዬ ምን አመጣህልኝ አለው።

ጠጋ ብዬ፣ ልጅህ ስንት ዓመቱ ነው አልኩት። ጓድ መኩሪያ ደንግጦ ግራ ቀኙን አየና፣ «አሥር ሊሞላው ነው» አለኝ። «ማን ልኮህ ነው የምትጠይቀኝ?»