የዘይነብ ላምና ገመድ የሌለው ኢርፎን

በዚያ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በጋሽ ይመር ግቢ የተገኘነው አራት ሰዎች ነን። ሽማግሌዎቹ ጋሽ ይመርና ሼህ ሁሴን በረንዳው ላይ ካለው አግዳሚ ተቀምጠዋል። አርባ ዓመት አጥር የተጋራኋት ጎረቤቴ ዘይነብ ከብርቱካኑ ዛፍ ሥር ፊቷን ወደ ሐይቁ አዙራ ቆማለች። እኔ በሩ አጠገብ ነኝ፤ ተከሳሽ ለመውጫው ቢቀርብ ይሻላል። መሀል ላይ ማንም ያልተቀመጠበት በርጩማ አለ።

በዚህ ዘመን ሰውን ከሰው የሚያጣላው ገመድ ማጣት ነው። አትሳቁ፣ ላስረዳችሁ።

ድሮ... ድሮ ስላችሁ አምና ማለቴ ነው፣ ገመድ ያለው ኢርፎን ነበረኝ። ከነጠላዬ ጥለት ጋር ይጠላለፋል፣ የበር እጀታ ይይዘዋል። አንድ ቀን የሽንኩርት ሻጭ ሚዛን ላይ ተጠልፎ ጆሮዬ ከሽንኩርቱ ጋር አብሮ ተመዝኗል። ግን አንድ መልካም ጠባይ ነበረው፤ ይታያል። ገመዱ በደረቴ ሲወርድ ያየ ሰው አለመስማቴን አውቆ ትከሻዬን ነካ ያደርገኛል።

ከዚያ ደሴ ያለችው የልጅ ልጄ ገመድ የሌለውን አመጣችልኝ። ባቄላ የሚያካክሉ ሁለት ፍሬዎች ናቸው። ጆሮ ውስጥ ይከቷቸዋል፣ ነጠላ ይከናነቡባቸዋል፣ አለቀ።

«እማማ፣ አሁን ዘመናዊ ሆንሽ» አለችኝ።

ዘመናዊነቴ ሁለት ሳምንት ቆየ።

የእኛን አገር ሰላምታ ታውቁታላችሁ። መንገድ ላይ የተገናኘ ሰው ስለ ጤናው፣ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ከብቱና ስለ ዝናቡ ተጠያይቆ ሳይጨርስ አይላቀቅም። ዝም ብሎ ያለፈ ወይ ታሟል ወይ አኩርፏል። እኔ ከገበያ ስመለስ ዘይነብን አልፌያት ሄድኩ። ዓይኔ መንገዱ ላይ፣ ልቤ ጆሮዬ ውስጥ ነበር። ከዚያ በኋላ አሥር ቀን ደጄን አልረገጠችም። ዶሮዎቿ እንኳ ወደ እኔ ግቢ መምጣት የተዉ መሰለኝ። ምን እንዳጠፋሁ ያወቅሁት ሽማግሌ ፊት ቀርቤ ነው።

«ላሜ ሞተች አልኳት» አለች ዘይነብ። «ያቺ ግንባሯ ላይ ነጭ ያለባት ቦራዋ ላሜ። ወላሂ፣ ፈገግ ብላ አለፈች።»

«ፈገግ ብላ?» አሉ ሼህ ሁሴን።

«ጥርሷ እስኪታይ።»

የዚያችን ላም ወተት የእኔም የልጅ ልጆች ጠጥተውታል። የምይዘው የምጨብጠው ጠፋኝ።

«አስካለ፣ እውነት ነው?» አሉ ጋሽ ይመር።

«አልሰማኋትም። ጆሮዬ ላይ ኢርፎን ነበር።»

«ገመዱ የታለ? እኔ ገመድ አላየሁም» አለች ዘይነብ።

«ገመድ የለውም።»

«ኢርፎኗም ሰበቧም አይታይም» አለች ለብርቱካኑ ዛፍ።

«ለመሆኑ ምን ስትሰሚ ነበር?» አሉ ጋሽ ይመር።

የፈራሁት ይህንን ነው። እኔ ከስብከትና ከመዝሙር ሌላ እንደማልሰማ ሰፈሩ ሁሉ ያምናል፤ አስተባብዬም አላውቅም። ስብከት ነው ብል ማን ያጣራል? ግን እዚያ የቆመችው ዘይነብ ናት፤ እሷን መዋሸት አልሆነልኝም።

«ትረካ» አልኩ።

«የታሪክ?»

«የፍቅር።»

ሼህ ሁሴን ጫማቸውን መመርመር ጀመሩ።

«ልጁ ከስንት ዓመት በኋላ ተመልሶ በሯን እያንኳኳ ነበር» አልኩ። «ፈገግ ያልኩት ለእሱ ነው።»

ዘይነብ አላመነችም። «ባቄላ የምታክል ነገር የእኔን ድምፅ ልትከለክል? እኔ ስጣራ ሐይቁ ማዶ ይሰማል።»

ይህ እውነት ነው።

«እንግዲያው ይሞከር» አሉ ጋሽ ይመር።

ሁለቱን ፍሬዎች በነጠላዬ ጠርጌ ጋሽ ይመር ጆሮ ውስጥ አስገባሁላቸው። ትረካውን ካቆምኩበት ከፍቼ ስልኩን በርጩማው ላይ አስቀመጥኩ። መጀመሪያ ፊታቸው የዳኛ ፊት ነበር። ቀጥሎ አገጫቸውን ምርኩዛቸው ላይ አሳረፉ። ቀጥሎ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ይመር፣ ይሰማሃል?» አሉ ሼህ ሁሴን።

ክርናቸውን ነካ ቢያደርጓቸው ዝንብ እንደሚያባርር ሰው እጃቸውን አወናጨፉ።

ዘይነብ ከዛፉ ሥር ወጥታ ፊታቸው ቆመች።

«ጋሽ ይመር፣ እንደምን ዋሉ? ልጆቹ ደህና ናቸው? ከብቱስ?» ጥቂት ጠበቀች። «የእኔዋ ላም ሞተችብኝ።»

ጋሽ ይመር ዓይናቸውን ገለጥ አድርገው ፈገግ አሉ። ጥርሳቸው ታየ፤ የቀሩት ሁሉ።

ዘይነብ አየቻቸው። ከዚያ ሻርፗን አፏ ላይ አደረገችና ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ጀመር። አለቀሰች ብዬ ሠጋሁ፤ ሳቅ ነበር።

«አውፍ ብያታለሁ፣ ይቅር ብያታለሁ» አለች ለሼህ ሁሴን።

«ፍርዱስ?»

«እሳቸው ሲመለሱ ይፈርዱታል።» ወደ እኔ ዞረች። በአሥር ቀን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። «ነይ እንሂድ። ላሟ እንዴት እንደሞተች ከመጀመሪያው ልንገርሽ።»

ኢርፎኑን ጋሽ ይመር ጆሮ ላይ፣ ስልኩን በርጩማው ላይ ትቼ አብሬያት ወጣሁ።