የባሕረኛው መስኮትና የእኔ ሳንቲም

እኛ ሰዎች የላላ ነገር አይተን ማለፍ አይሆንልንም። አህያው የራሱን መንገድ እየሄደ፣ ጭነቱ ባለቤት እያለው፣ አላፊ አግዳሚው ሁሉ «ገመዱ ላልቷል፣ አጥብቀው!» ይላል። ጎረቤታችን ልጁን ለቀቅ አድርጎ ሲያሳድግ ካየን ምክራችን ያው ነው፤ ጠበቅ! ሲከር እንደሚበጠስ ሁላችንም እናውቃለን። የምናውቀው ግን ለሌላ ሰው ለመንገር ነው። እናንተ እንዲህ አይደላችሁም ብዬ ልለፍ። እኔ ግን ነኝ፤ መምህር በመሆኔ ደግሞ ይብስብኛል።

ነገሩ የሆነው መንዝ፣ መሐል ሜዳ ሳስተምር ነው። እዚያ ጋሽ ወንድይፍራው የሚባሉ አናጢ ነበሩ። መንግሥት ተለውጦ ባሕር ኃይሉ ሲበተን ከምፅዋ ወደ ትውልድ አገራቸው የተመለሱ፣ የመርከብና የጀልባ ጠጋኝ ነበርኩ የሚሉ ሰው ናቸው። «የሚሉ» ያልኩት ያመናቸው ሰው ስላልነበረ ነው። የጓሳ ንፋስ ጋቢ በጋቢ ላይ በሚያስደርብበት አገር ተቀምጠው፣ ቀትር ላይ ብረቱ እጅ ስለሚያቃጥል መርከብ ቢያወሩ ማን ይቀበላቸዋል? «አንዲት አሮጌ ባለሸራ ጀልባ ነበረች፤ መስኮቶቿን በሙሉ የለወጥኩላት እኔ ነኝ» ሲሉ አንዱ ቀበል አድርጎ፣ «ጀልባ በመስኮት ምን ልታይ? ውኃ?» ይላል። ጠላ ቤቱ በሳቅ ያውካካል። እሳቸው ጠላቸውን ይጎነጫሉ። ያሳዝኑኝ ነበር፤ ሰው ሃያ ዓመት የኖረበት ዕድሜ እንደ ተረት ሲቆጠርበት ማየት ደስ አይልም።

ሙሔ ደግሞ የሸዋ ሮቢት ልጅ ነው። አንዲት አሮጌ አውቶቡስ አለችው፤ ራሱ ይነዳታል። መስኮቶቿ አይከፈቱም። ይህን እንደ ጉድለት የሚቆጥር መንዜ አልገጠመኝም፤ እንዲያውም የሚከፈት መስኮት ያለው አውቶቡስ ነው ጸብ የሚያስነሳው፣ «ንፋስ አስመታችሁን!» ተብሎ። ችግሩ በመስታወት ፋንታ የተገጠሙት ፕላስቲኮች ከእርጅና ብዛት ቢጫ ሆነውና ተሰነጣጥቀው ዝናብ ማስገባታቸው ነበር። ሙሔ ከአዲስ አበባ ወፍራምና ጥርት ያለ ፕላስቲክ አስመጣና ሥራውን ለጋሽ ወንድይፍራው ሰጣቸው። ለእሳቸው ይህ ከሥራም በላይ ነበር። መስኮቶቹ ከጸኑ ምፅዋም እውነት ይሆናል፤ ካልጸኑ ባሕሩ እስከ ዕለተ ሞታቸው መሳቂያ ሆኖ ይቀራል። ይህን አገሩ ሁሉ ያውቅ ነበር።

ጋሽ ወንድይፍራው አሮጌዎቹን በአዲሱ ፕላስቲክ ላይ እያነጠፉ በልካቸው ቆረጡ። ዳር ዳሩን የውስጥ ጎማ ላስቲክ አለበሱት። ቀዳዳዎቹን ግን ከብሎኑ አስፍተው በሷቸው፤ ብሎኑንም በጣታቸው ብቻ አዙረው ተዉት።

«ጋሼ፣ ላልቷል እኮ» አለ ሙሔ።

«ይላላ። ይኼ ነገር ሙቀት ሲያገኘው ይሰፋል፤ መላወሻ ካላገኘ ይሰነጠቃል። ማንም እንዳይነካብኝ።»

በመጀመሪያው ጉዞ እኔም ነበርኩ። ቤተሰቦቼ ሸዋ ሮቢት ስለሆኑ የሙሔ ደንበኛ ነኝ፤ እንደ ሁልጊዜው ከኋላ ሁለተኛው ወንበር ላይ፣ ከመስኮቱ ሥር ተቀመጥኩ። መስኮቱ መንገዱን ሙሉ ቀጭ ቀጭ፣ ቀጭ ቀጭ ይላል። ጣርማ በር ላይ ለቁርስ ስንቆም አንጀቴ አልቻለም። የብሎኑ ራስ ላይ የሳንቲም አፍ የሚያስገባ ስንጥቅ አለ፤ ኪሴ ውስጥ ደግሞ ሃምሳ ሳንቲም ነበረች። ስድስቱንም ብሎኖች ጥርቅም አድርጌ አጠበቅኋቸው። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ጋሽ ወንድይፍራውን ያገዝኳቸው መስሎኝ ነበር።

ቁልቁለቱን ወደ ቆላው ወረድን። ጋቢው ተጣለ፣ ሹራቡ ወለቀ። የሰው ሁሉ መስኮት ባለበት ጸጥ አለ። ሸዋ ሮቢት ልንገባ ስንል የእኔው ቋ! አለና ከጥግ እስከ ጥግ ተሰነጠቀ።

«ይኸው የባሕረኛው ሥራ!» አለ አንዱ። አውቶቡሱ ሁሉ ሳቀ። እኔም፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ሳቅሁ።

መሐል ሜዳ ተመልሰን፣ በገበያ ቀን ሙሔ ጋሽ ወንድይፍራውን መናኸሪያ አስጠራቸው። ባና የሚባለውን የሱፍ ብርድ ልብስ ጠቅልለው በብብታቸው ይዘው መጡ። ገበያተኛው ከበባቸው።

«ጋሼ፣ አምኜዎት ነበር» አለ ሙሔ፤ ድምፁ ቁጣም ኀዘንም ነበረበት። «ሌሎቹም ሳይሰነጠቁ ሁሉንም አስነቅዬ በምስማር ላስመታቸው ነው።»

እሳቸው ወደ መስኮቱ ጠጋ አሉ። ጣታቸው ስንጥቁን ተከትሎ ሄደ ሄደና ብሎኑ ላይ ሲደርስ ቆመ።

የግምገማ ዘመን እንደነበር አትርሱብኝ። እኛ የመንግሥት ሠራተኞች ሂስና ግለ ሂስ ለምደናል። እኔም በየዓመቱ የማቀርበው አንድ ድክመት ነበረኝ፤ «ሥራ ስለማበዛ ለጤናዬ አልጠነቀቅም» የሚል። ሁልጊዜ ተመዝግቦልኝ ያልፋል። እውነተኛ ጥፋቴን በሰው ፊት ተናግሬ ግን አላውቅም ነበር። ዝም ብል የሚያውቅብኝ የለም፤ ያም ነው የባሰብኝ።

«እኔ ነኝ» አልኩ። «በሳንቲም ያጠበቅሁት እኔ ነኝ። እሳቸው ጥፋት የለባቸውም።»

ጋሽ ወንድይፍራው ምንም አልገረማቸውም። ባናውን ፈቱት፤ ውስጡ ተቆርጦ፣ ተበስቶ፣ ላስቲኩን ለብሶ ያለቀለት አዲስ መስኮት ነበር።

«ከጅምሩ አንድ ትርፍ ቆርጬ ነበር» አሉ። «ምፅዋም አጥባቂ አይጠፋም ነበር።»

የተሰነጠቀውን አውጥተው አዲሱን ቢያስጠጉት ልክክ አለ። ሙሔ ግራ ገባው። አሮጌ አውቶቡስ ናት፤ የአንዱ መስኮት ልክ ለሌላው አይሆንም።

«በአላህ ጋሼ፣ ይቺኛዋ እንደምትሰነጠቅ በምን አወቁ?»

«መምህሩ ሁልጊዜ እዚህች ጋ አይደል የሚቀመጠው?» አሉት፣ ብሎኑን በጣታቸው እያዞሩ።

ከዚያ ወዲህ ባሕሩን የተጠራጠረ የለም። ምፅዋን በሕልሙም ያላየ ሰው ስለ ሙቀቷ ለእንግዳ ሲያስረዳ ሰምቻለሁ። እኔም ወንበሬን አልለቀቅሁም፤ ቀጭ ቀጩን እየሰማሁ፣ እጄን ጋቢዬ ውስጥ ከትቼ እሄዳለሁ። ሙሔ ግን ከዚያ አገር እስክዛወር ድረስ መልሴን በወረቀት ብር ብቻ ነበር የሚሰጠኝ። አንድም ቀን ሳንቲም አላስጨበጠኝም።