የመሪጌታ ልጅ እና የዲናሞ ሽቦ

ወገን፣ ዛሬ የደረሰብኝን ብነግራችሁ አታምኑኝም። ይህን ስጽፍ እንኳ ጆሮዬ እንደጋለ ነው።

ብዙ እንደማልለጥፍ ታውቃላችሁ። ብለጥፍም የሠራሁትን መስቀል ፎቶ ነው። የዛሬው ግን ካልተናገርኩት አይወጣልኝም!

ከሥሩ ልጀምር።

ሰቆጣ ላይ አንዲት ጠባብ የብር ሥራ ሱቅ አለችኝ። ሙያውን ያስተማረኝ ሰው የለም፤ ያስተማሩኝ ስልኬና ያበላሸኋቸው ቀለበቶች ናቸው። ጥር ላይ ዝናሽን አገባለሁ። አስተማሪ ናት፤ አባቷ መሪጌታ ናቸው።

የሠርጋችንን ቀለበት ራሴ ልሥራ አልኩ። ተራ ቀለበት መሰላችሁ? ሁለት ማዕድን እንደ መጽሐፍ ቅጠል ይደራረብና በእሳት ይጣበቃል። ከዚያ ተጠምዝዞ ሲሞረድ የእንጨት ጉማጅ ላይ እንደምናየው ያለ መስመር ይወጣዋል።

ከምን ልሥራው? ወርቅ ዋጋውን ጠይቄ፣ አመስግኜ ወጣሁ። ፕላቲነም በቪዲዮ ብቻ ነው የምንተዋወቀው። የቀረኝ ብርና መዳብ ነው። ብሩን ከአሮጌ ጌጥ አቀለጥኩ፤ መዳቡን ከተቃጠለ ዲናሞ ሽቦ። አንዱ ነጭ፣ አንዱ ቀይ። ሲደራረቡ ታምራላችሁ ማለት ነው የሚቀረው!

መዳብ ቆዳ እንደሚያቆሽሽ አውቃለሁ። ስለዚህ የሁለቱንም ቀለበቶች ውስጥ በንጹሕ ብር አለበስኩት። ግማሽ ሚሊሜትር። ሁለት ጊዜ ለካሁት።

(ሦስት ጊዜ ነው። ይቅርታ።)

ታዲያ ጥፋቱ የቱ ጋ ነው?

ሙከራው ላይ!

ብር እንዳይባክን ብዬ የልክ መሞከሪያውን ከመዳብና ከነሐስ ሠራሁት። ውስጡን ምንም አላለበስኩትም። "የሰው ጣት ጠዋትና ማታ አንድ አይደለም" አልኳት ዝናሽን። "ሁለት ሳምንት አድርጊውና እንዴት እንደሆነ ጻፊልኝ። ቤት ግን እንዳታሳዪ፣ የሠርጉ ቀን ነው የሚያዩት።"

አደረገችዋ! ቤቷ በር ላይ ስትደርስ ታወልቅና የነጠላዋ ጫፍ ላይ ትቋጥረዋለች። ጠዋት ስትወጣ መልሳ ታደርገዋለች። በቴሌግራም "ጠዋት በጣም ሰፋ፣ ከሰዓት ያዝ አደረገ" ትለኛለች። እኔም በደስታ ደብተሬ ላይ እመዘግባለሁ።

ዛሬ መሪጌታ አስጠሩኝ።

ስገባ እሳቸው፣ ባለቤታቸው እትዬ አለሙሽ፣ ከአምደወርቅ ድረስ የመጡት አጎቷ ጋሽ ሞላ ተቀምጠዋል። ዝናሽ ጥግ ላይ አንገቷን ደፍታለች።

"ቁጭ በል ልጄ" አሉ መሪጌታ። "ዝናሽ ታማለች። ሠርጉን ማዘግየት ሳይሻል አይቀርም።"

ሳልቀመጥ ወደ ዝናሽ ዞርኩ።

"ምን ሆነች?"

እትዬ አለሙሽ እጇን ይዘው ወደ ብርሃኑ አወጡት። የቀለበት ጣቷ ዙሪያውን አረንጓዴ ሆኗል!

"ሰባት ቀን በዚህ ብርድ ጠበል አስገባኋት" አሉ። "ጠዋት ለቀቅ ያደርጋል፣ ማታ ይመለሳል። እንዲህ ያለ በሽታ አይተህ ታውቃለህ?"

አውቃለሁ! እኔው ነኝ የሠራሁት!

"ሰው አይቷት እንዳይሆን" አሉ ጋሽ ሞላ። ይህን እያሉ ጥቀርሻ የጠጣ ጣቴን አዩት። አንጥረኛ ቡዳ ነው ሲባል እየሰሙ ያደጉ ሰው ናቸው። ለዚህ ጋብቻ ከዘመድ ሁሉ መጨረሻ እሺ ያሉትም እሳቸው ናቸው።

ዝም ብል ሠርጉ ይዘገያል። ብናገር ጉድ ነው።

"መዳብ ነው" አልኩ።

"ምን?"

"በሽታ አይደለም። መዳብ ነው። ነሐስም አለበት። ላብ ሲነካው ይለቃል። ከጠበል መልስ ጣቷ ሳይደርቅ ስታደርገው ደግሞ ይብስበታል። መዳቡ ከዲናሞ የወጣ ነው፣ ሽቦው ግን ጥሩ ነው..."

ዝም በል የሚለኝ ሰው እንዴት ይጥፋ?

ዝናሽ ቀስ ብላ የነጠላዋን ጫፍ ፈታች። ቀለበቱ ወለሉ ላይ ተንከባልሎ ጋሽ ሞላ እግር ሥር ቆመ።

"የመሪጌታን ልጅ የዲናሞ ሽቦ አሰርክባት?" አሉ እትዬ አለሙሽ። ቀጥለው ወደ እሷ ዞሩ። "አንቺስ ታውቂ ነበር?"

"አዎ።"

"ታዲያ ሰባት ቀን ሙሉ በዚያ ውሃ!"

"አታሳዪ ብሎኛል። እሺ ብዬዋለሁ።"

መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ! እሷ ጎህ ሲቀድ በዚያ ውሃ ስትንቀጠቀጥ፣ እኔ ብርድ ልብስ ውስጥ ሆኜ "ጠዋት፦ በጣም ሰፊ" እያልኩ እመዘግባለሁ። ከብርድ የተነሳ ይሆን ብዬ እንኳ አልጠየቅኩም። እኔ ነኝ ጠንቃቃው!

ቀድመው የሳቁት ጋሽ ሞላ ናቸው። "እኔ ቡዳ ስፈራ፣ ሽቦ ኖሯል!" ብለው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ።

እውነተኞቹን ቀለበቶች ከኪሴ አወጣሁ። መሪጌታ መነጽራቸውን አድርገው የዝናሽን ቀለበት ብዙ አገላበጡት። "የብራና ሐረግ ይመስላል" አሉ ቀስ ብለው። ይቺን ቃል እስክሞት አልረሳትም።

"ይኼም መዳብ አለበት?" አሉ እትዬ አለሙሽ።

"አለበት፣ ግን ውስጡ..."

"አፍህን አላምንም። ጣትህን ነው የማምነው።"

መሪጌታ ፈረዱ። "ጠበል የብረት መፈተኛ አይደለም። አንተ ግን ልጄን ሰባት ቀን በከንቱ አስጠምቀሃታል፤ አንተም ሰባት ቀን ጠበል ትገባለህ። ቀለበትህንም አድርገህ ግባ። ጣትህ ንጹሕ ከሆነ ሠርጉ በቀኑ ነው።"

"ሳይባረክ ላድርገው እንዴ?"

"እሷስ?" አሉ እትዬ አለሙሽ።



ነገ ጎህ ሲቀድ እጀምራለሁ። አሁን ዝናሽ በቴሌግራም ጻፈችልኝ፦ "የምትከብደው የመጀመሪያዋ ጣሳ ናት። ፎጣ ያዝ። ልኩን ጠዋትና ማታ ጻፍልኝ፣ ደብተር አዘጋጅቻለሁ።"

የተማርኩት ይህን ነው፦ የምታፈቅሯትን ሰው ጣት ከመለካታችሁ በፊት መጀመሪያ በራሳችሁ ጣት ሞክሩ።

አንጥረኞች ሆይ፣ ግማሽ ሚሊሜትር ብር ሰባት ቀን ይችላል አይደል? ይችላል በሉኝ!